ልጆቹን ወደ ድንኳኑ አስገቧቸው

አባቴ ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ማውራት ስለምወድ ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ እንደ እሱ ያለ ሰው አለ። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ኳስ የሚያሰለጥን፣ የልጅ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ማንም ሳይቀጥረው የብዙ ልጅ አባት የሆነ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ድንኳኑ በአዋቂ ይሞላል። በጣም የጎደለባቸው ልጆች ግን ደጅ ይቀራሉ። እኛ ቤት የሆነው ይሄው ነው። እናንተ ቤት እንዳይደገም ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ያደግነው ሀዋሳ ነው። አባቴ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የማሽን ጠጋኝ ነበር። ኳስ ግን ነፍሱ ናት። አስር ዓመቱ ገደማ ሳለ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች። ሬዲዮ ያለው ጎረቤት መስኮት ሥር ቆሞ ነው የሰማው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሉቺያኖ ቫሳሎና የመንግሥቱ ወርቁ ስም ከአፉ ጠፍቶ አያውቅም።

51 ዓመት ቆይቶ፣ ልክ በዚያው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ከዛምቢያ ጋር ተጫወቱ። አባቴ የቡድኑን ልጆች በሙሉ ሳሎናችን ውስጥ አጎረ። ሶፋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ በሩ ላይ ልጅ ነው። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ አገባች። በ10 ሰው ቀርተን አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን ቤቱ ሊፈርስ ነበር። አዳነ በሀዋሳ ከተማ ክለብ የተጫወተ ልጅ ስለሆነ ደስታው እጥፍ ነው። በማግስቱ ልምምድ ላይ ጎሉን አልነበረም ያነሳው። «ሰው ሲጎድልባችሁ እንዴት እንደሮጡ አያችሁ?» ነው ያላቸው።

በታቦር ተራራ በኩል ባለ አንድ አፈር ሜዳ ነበር የሚያሰለጥነው። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 የሊጉን ዋንጫ ካነሳ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ተጫዋች መሆን ፈልጎ ነበር። ጡረታ እንደወጣ «ፕሮጀክት» ብሎ የልጆች ቡድን ጀመረ። ለምልክት የሚሆን ኮን ስላልነበረው አሸዋ የሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ይደረድራል። የጎሉ ቋሚ ባህር ዛፍ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፊሽካው ይሰማል። ረመዳን ሲሆን የሚጾሙትን ልጆች እንዳያደክም ልምምዱን ቀለል ያደርገዋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የጫምባላላ ዕለት ልምምድ የለም፤ ሁሉም በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ነው። የሲዳማ ልጅ፣ የወላይታ ልጅ፣ የጉራጌ ልጅ፣ የአማራ ልጅ፣ ሁሉም «አባባ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ልጄ ነው። እሱ አፉን ሲፈታ አያቱን «አባባ» አለ፤ ቡድኑም ያንኑ ይዞ ቀረ።

ስለ አሰለጣጠኑ ትንሽ ልበል፤ ለሌላ አሰልጣኝ ይጠቅማል። ከአስር ዓመት በታች ያለ ልጅን «አንተ ተከላካይ ነህ፣ አንተ አጥቂ ነህ» አይልም። በአራት በአራት ከፋፍሎ ትንሽ ሜዳ ላይ ያጫውታቸዋል፤ ያኔ ኳስ የማይነካ ልጅ የለም። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ልጅ ወዲያው ለማሸት የሚሮጥ ካለ ይቆጣል። ቀዝቃዛ ነገር፣ እረፍት፣ እግር ከፍ ማድረግ፤ ካልሻለው ሐኪም ቤት። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ የቱንም ያህል ቢለምነው ያን ቀን አይመልሰውም። ዕድሜ ማሳነስን ደግሞ አጥብቆ ይጠላ ነበር። አንድ ወላጅ «ሁለት ዓመት ቀንስለት፣ ክለብ ይመለምለዋል» ብሎ መጥቶ ነበር። አባቴ አስቀምጦ አስረዳው። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ እያነሳ ዕድሜ ማጣራት ከጀመረ ቆይቷል። «ዛሬ የዋሸንለት ልጅ ነገ ሰው ፊት ያፍራል» አለው። ሰውዬው ተቀይሞ ሄደ፤ ልጁ ግን ቡድኑ ውስጥ ቀረ።

አንድ ደብተር ነበረው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ የጫማ ቁጥር፣ የሪፖርት ካርድ ውጤት። የጫማ ቁጥሩ በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ እግር ስለሚያድግ ይላጳል፣ እንደገና ይጻፋል። አንዳንዱ ገጽ ላይ ወረቀቱ ከመላጱ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። ጎኑ ላይ አንዳንድ ነገር ይጨምራል። «ቁርስ ሳይበላ ይመጣል።» «አባቱ ተመልሷል፤ አትጠይቀው።» «ግራ እግሩን ይፈራል።» ደብተሩን አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

አሞት የሞተው በስትሮክ ነው። ደም ግፊት ነበረበት። እንደ ብዙ ሰው ሲሻለው ክኒኑን ያቆማል፣ ራሱን ሲያመው ይጀምራል። አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣ ስኒው ከቀኝ እጁ አመለጠ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ ንግግሩ ተኮላተፈ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ታሸ፣ ተጨመቀ፣ በጋቢ ተሸፍኖ ተኛ። ሆስፒታል የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?» ብሎ ነው። የደም መርጋት ከሆነ መርጋቱን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ደም መፍሰስ ይሁን መርጋት ደግሞ ያለ ሲቲ ስካን አይለይም። ቀድመን ብንደርስ ይድን ነበር ብዬ መናገር አልችልም። እናንተ ግን ይህን ያዙልኝ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ ምች ነው ብላችሁ አትተኙ። ታማሚው ደህና የነበረበትን የመጨረሻ ሰዓት መዝግቡ፣ ባጃጅም ሆነ ታክሲ ይዛችሁ ሩጡ። አፉ ውስጥ ውሃም ክኒንም አታድርጉ፤ መዋጥ ሊያቅተው ይችላል።

ጥቂት ቀን ተኝቶ ረቡዕ ሌሊት አረፈ።

አሁን ወደዋናው ጉዳይ ልምጣ። ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከአያቱ ጋር ነው የሚውለው። ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ፣ የሚያመጣው እሱ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስዶ አሳ የሚያበላው እሱ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የቤተሰቡ ትልልቆች ተማከሩ። «ልጁ አይስማ» አሉ። ጎረቤት ቤት ተወሰደ። «አባባ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዷል» ተባለ። ክፋት አልነበረበትም። ሁላችንም እንደዚያ ነው ያደግነው። እኔም አያቴ ሲሞቱ ክፍለ ሀገር ሄደዋል ተብዬ ነበር።

ቀብሩ ከሰዓት ነበር። ከቀብር በፊት የቡድኑ ልጆች መጡ። ማሊያቸውን አጥበው፣ እርጥቡን ለብሰው። ደጁ ላይ ቆሙ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ እድርተኛው ወንበር ያመላልሳል። አንድ ዘመዳችን ወጥተው «ልጆች ናችሁ፣ ሂዱ ቤታችሁ፣ እዚህ የልጅ ቦታ አይደለም» አሏቸው። ተበተኑ። ያን ሰዓት ያስተዋላቸው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ሰልስት ነው። የጎረቤታችን ልጅም የቡድኑ ተጫዋች ነው። ሁለቱ ሕፃናት ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አንጠልጥለው ሜዳ ሄዱ። ሌሎቹም እዚያ ነበሩ። ማንም ልምምድ አልጠራቸውም፤ ግን ቅዳሜ 12 ሰዓት ሲሆን እግራቸው ወደዚያ ነው የሚሄደው። ልጄ «አባባ ከአዲስ አበባ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። የቡድኑ በረኛ ነው የነገረው። አስራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ረጋ ያለ ልጅ። «አባባ ሞተዋል እኮ። ሐሙስ ተቀበሩ። እኛንም አላስገቡንም» አለው።

ልጄ አቧራ እንደለበሰ ድንኳኑን ሰንጥቆ መጣ። አላለቀሰም። ሰው ሁሉ እያየው ፊቴ ቆመና «አባባ አዲስ አበባ ነው ያለው?» አለኝ። እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ። «አይ» አልኩት። «ሞቷል። ሐሙስ ቀበርነው።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። መጀመሪያ የጠየቀኝን ዛሬም አልረሳውም። «ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር?»

ልብ በሉ፣ ያሳመመው ሞቱ ብቻ አልነበረም። ሁሉም እያወቀ እሱ ብቻ አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ለአዋቂ መርዶ ስንነግር ጥበብ አለን። ሌሊቱን እንደብቃለን፣ ጎህ ሲቀድ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አለ። መልካም ልማድ ነው። ለልጅ ግን መደበቁን ብቻ ነው የወሰድነው። የሚነጋለት ጎህ የለም፤ የሚይዘው ሰውም አይዘጋጅለትም። መንገድ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ከሌላ ልጅ አፍ ይሰማል። ልጅም መርዶ ይነገረው ነው የምለው። በደንብ ይነገረው፤ የሚወደው ሰው አቅፎት፣ ሌላው ዘመድ ሳይቀድም።

ነገሩን ያቃኑት የእድራችን ዳኛ ናቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ልጄ ሲያለቅስ ዝም ብለው ቆዩና ተነሡ። «እነዚያ ልጆች የት ናቸው? ጥሯቸው። የሞተው የእነሱ ሰው ነው» አሉ። ወንድሜ ሜዳ ሄዶ ጠራቸው። እድርተኛው የፊተኛውን አግዳሚ ለቀቀላቸው። ለአዋቂው እንደሚደረገው ንፍሮ ቀረበላቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው ተቀመጡ። እግራቸው መሬት የማይደርሰውም ነበሩ። ከዚያ ዳኛው «እስኪ አባባን የምታውቁት ንገሩን፤ እኛ የምናውቀው በእድርና በፋብሪካ ነው» አሏቸው።

በረኛው ጀመረ። ጫማ አልነበረውም። አባባ አንድ ቀን 36 ቁጥር ጫማ ይዘውለት መጥተው «አንድ ልጅ ጠብቦት ጥሎት ሄደ፤ እስኪ ሞክረው» አሉት። ለዓመታት የሌላ ልጅ ጫማ ነው ብሎ ነበር የሚያምነው። «ካርቶኑን ሱቁ በር ላይ ሲጥሉ ያየ ልጅ ነው በኋላ የነገረኝ» አለ። ሌላው ቀጠለ። ከትምህርት ቤት ሊባረር ሲል አባባ ሄደው ርዕሰ መምህሩን ለምነውለታል፤ ወላጆቹ እስከ ዛሬ አያውቁም። አንዷ ልጅ ተነሣች። ሴት ልጅ ኳስ አትጫወትም ብሎ የከለከላት ወንድሟን አባባ ቤታቸው ድረስ መጥተው ነው ያግባቡት። እናቷ እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ትንሽ ልጅ ደግሞ «አባባ ስሜን አይሳሳቱም ነበር» ብሎ ተቀመጠ። ከሁሉም በላይ እሱ ነው ያስለቀሰን።

አንዱንም አናውቀውም ነበር። ልጆቹ ነን፤ ግን አናውቀውም።

እዚህ ላይ የሕይወት ታሪኩን ነገር ላንሳ። ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የተጻፈው ሐሙስ ጠዋት በጥድፊያ ነው። የትውልድ ዓመቱ ላይ ዘመድ ተከራከረ። የት ተወለደ፣ መቼ ተቀጠረ፣ መቼ አገባ፣ ስንት ወለደ፣ ስንት የልጅ ልጅ አየ። ስለ ኳሱ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «በትርፍ ጊዜያቸው ስፖርት ይወዱ ነበር» የሚል። ያን የሰው ሁሉ ሕይወት የዳሰሰ ሥራ «ትርፍ ጊዜ» ብለን ቀበርነው። ይህ እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውና። ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት እያሉ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። «ታሪክህን ንገረኝ» ብትሉ ዝም ይላሉ። «የመጀመሪያ ደመወዝህን ምን ገዛህበት?»፣ «ያሰለጠንከው ልጅ ያስቸገረህ የትኛው ነው?» በሏቸው፤ ማቆሚያ የለውም። የድሮ ፎቶዎች ጀርባ ላይ ማን ማን እንደሆነ ያስጽፏችሁ። የተቀዳውን ከአንድ ስልክ በላይ ላይ አስቀምጡ። ሞት ከቀደማችሁም አትቸኩሉ። ለቀብር አጭር ጽሑፍ ይበቃል። ሙሉው ለአርባ ይድረስ፤ ሰው ድንኳን ውስጥ የሚያወራውን እየጻፋችሁ ቆዩ። ከቤተሰብ ውጪ ያሉትን ጠይቁ። ልጆችን ጠይቁ። እኛ ቤት ወንድሜ ከቅዳሜ ዕለት ጀምሮ ሰማያዊውን ደብተር ይዞ ከኋላ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ ጻፈ። ለአርባው የተነበበው ከዚያ ነው የወጣው። ሲነበብ ስማቸው የተነሣ ልጆች አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመው ነበር።

ልጄ ከዚያ በኋላ ወዲያው ደህና አልሆነም። ደህና ይሆናል ብላችሁም አትጠብቁ። አንድ ለቀስተኛ በቅንነት «አባባ ተኝቷል» አለው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ መተኛት ፈራ። እኔ ስተኛ እየቀሰቀሰ ያየኛል። አልጋው ላይ መሽናትም ጀመረ፤ የተወው ከቆየ ነበር። አልቆጣሁትም፤ ልጅ ሲያዝን እንዲህ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቃሉን አስተካከልንለት። «ሞተ ማለት ልቡ መምታት አቆመ፣ አይተነፍስም፣ አያመውም፣ አይመለስም። እንቅልፍ ሌላ ነው፤ ከእንቅልፍ ሁላችንም እንነሣለን።» ስለ ነፍስና ስለ እግዚአብሔር እምነታችንን ነገርነው፤ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቀላሉ እውነት መቅደም አለበት። አንድ ሌሊት ደግሞ «ስላስቸገርኩት ነው የሞተው?» አለኝ። ልጆች እንዲህ ያስባሉ፤ ባይናገሩትም ያስባሉ። ሳይጠይቁ ንገሯቸው፤ «ያመመው የደም ሥሩ ነው፤ አንተ ያደረግከው ምንም ነገር የለም» በሏቸው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አሁን እያለቀሰ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ይጫወታል። ዘመድ «ረሳው፣ ልጅ አይደል» ይላል። አልረሳም። የልጅ ሐዘን ብልጭ ድርግም ይላል፤ አቅማቸው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚሸከሙት። ስትጫወት አየሁህ ብላችሁ አታሳፍሯቸው። ለአስተማሪያቸው ንገሩ። የሚበሉበት፣ የሚተኙበት ሰዓት አይዛነፍ። መቃብሩን ማየት ከፈለጉ ውሰዷቸው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደሚያዩ አስረዷቸው። ካልፈለጉ አታስገድዱ። የእኔ ልጅ ከአርባው በፊት ነው የጠየቀኝ። ሄድን። ከሜዳው የዘገነውን አፈር በፌስታል ይዞ ነበር። ማንም አላስተማረውም።

ስለ ተዝካሩ ጥቂት ልበል። ደግሱ የሚል ዘመድ አይጠፋም። የንስሐ አባታችን «ለነፍሱ የሚጠቅመው የተራበ መብላቱ ነው» ብለው አቀለሉልን። ድግሱ አነሰ። ከቡድኑ ወላጆች ብዙዎቹ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ሙስሊሞችም አሉ። ሁሉም በሚመቻቸው መንገድ እንዲመጡ ብለን ለልጆቹ ለብቻ ቀን ላይ ምግብ አዘጋጀን፣ ቀድመው በሉ። የተረፈው ገንዘብ ኳስና መረብ ተገዛበት።

የወረቀት ሥራም አትዘንጉ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሆስፒታሉን ማስረጃና የሟቹን መታወቂያ ይዛችሁ በመኖሪያችሁ ያለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሄዳችሁ የሞት ምስክር ወረቀት አውጡ። እናቴ የተተኪ ጡረታዋን ስትጠይቅ፣ ባንክም ስንሄድ፣ መጀመሪያ የተጠየቅነው እሱን ነው። ሐዘን ላይ ላለ ቤተሰብ ይህን ሮጦ የሚጨርስ አንድ ወዳጅ መመደብ ትልቅ ውለታ ነው።

ቡድኑስ? ከአርባው በፊት አንድ ቸር ሰው በአባቴ ስም የዋንጫ ውድድር እናዘጋጅ ብሎ መጣ። አሳቡ ያማረ ነበር። ግን ልጆቹ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው ዋንጫ አልነበረም፤ ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ የሚነፋ ሰው ነው። አሰልጣኝ የሌለው ቡድን በአንድ ወር ይበተናል። ስለዚህ ወላጆች ተሰበሰቡ። አባቴ ያሠለጠናቸው ሁለት ወጣቶች ተረከቡ። አንዱ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሥራውን ያቆማል። ሌላኛዋ ያቺ ወንድሟ የከለከላት ልጅ ታላቅ ጓደኛ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ከአንድ ሰው ወደ ሁለት ያደረግነው አውቀን ነው። አንድ ሰው ላይ የቆመ ነገር ያ ሰው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ደግሞም ልጆች ባሉበት ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ ቢኖር ለልጆቹም ለአሰልጣኞቹም ይበጃል። አንድ ወላጅ በየተራ ሜዳ ላይ ይገኛል። ኳሶቹ ከእኛ ጓዳ ወጥተው ለሜዳው ቅርብ የሆነ ቤት ተቀመጡ፤ ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ነው።

አዲሶቹ አሰልጣኞች መጀመሪያ ላይ አባባን ለመምሰል ይጥሩ ነበር። ልጆቹ ደግሞ «አባባ እንዲህ አያደርጉም» እያሉ አስቸገሯቸው። እናቴ ናት ያረጋጋቻቸው። ሜዳ ድረስ ሄዳ «እሱም መጀመሪያ ሲጀምር ፊሽካው ጠፍቶበት በእጁ ነበር የሚያጨበጭበው» አለቻቸው። ሳቁ። በመጀመሪያው ሙት ዓመት ወጣቶቹ የዋንጫውን ነገር እንደገና አነሡት፤ ያኔ እሺ አልን። የቡድኑ ልጆች ያወጡት ሕግ አለው። ሁሉም ልጅ ይጫወታል፣ ዕድሜ የሚረጋገጠው በልደት ምስክር ወረቀት ነው፣ ከጨዋታው በፊት ስለ አባባ የሚናገረውን ሰው ራሳቸው ይመርጣሉ፤ አዋቂ አይገባበትም።

ሰማያዊው ደብተር ሞልቷል። ወጣቶቹ አዲስ ገዝተዋል። ዋናውን እናቴ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች፤ እኛ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተን ለአሰልጣኞቹ ሰጥተናል። የልጆች የግል ጉዳይ የተጻፈባቸውን ገጾች አልሰጠንም፤ እናንተም ተመሳሳይ ነገር ቢገጥማችሁ ያን ለዩት። ልምምዱ ዛሬም ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ልጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ ሲመጣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ስልክ ቁጥሩንና የልጁን የጫማ ቁጥር ይዞ ይምጣ።